ከመርዶው በፊት የቆምኩበት መድረክ

ወንድሜ በሞተ ማግስት መድረክ ላይ ቆሜ ስሙን ጠርቼዋለሁ። እሱም «አቤት» ብሎኛል። ይህን ሳወራ ሰው ፊቱን ያዞራል። «ከዚያ ወዲህ ትንሽ ነካ አድርጓታል» የሚሉኝም አሉ፤ አልሰማ መስሏቸው ነው እንጂ እሰማቸዋለሁ። ግዴለም። እኔ እንደሆነው ልንገራችሁ፣ ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

ሰሚራ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ጅቡቲ የመጣሁት የአባቴ እህት ሐጃ መዲና ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ያላትን የጨርቅ ሱቅ ላግዛት ነበር። ቀን ጨርቅ እለካለሁ፣ ሱቅ ሲዘጋ ራፕ እሠራለሁ። አንዳንዴ በሙዚቃ፣ አንዳንዴ ያለ ምንም ሙዚቃ ግጥሜን በቃሌ እወርደዋለሁ። ሐጃ መጀመሪያ ስትሰማኝ «ይቺን ልጅ ማን ቢያባርራት ነው እንዲህ የምትሮጠው?» ብላ ጎረቤቱን አሳቀችብኝ። ሙዚቃውን የሚያቀናብርልኝ ሮብሌ ነው፤ የጅቡቲ ልጅ ነው፣ አማርኛ የተማረው ሱቃችን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነው፣ ስድቡን ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ነው የተማረው።

አድማጮቼ በየቤቱ የሚሠሩ የሀገሬ ልጆች ናቸው። ከጋቦዴ፣ ከፈረንጆቹ ሰፈር፣ ከየትም ይመጣሉ። ሳምንቱን ሙሉ «ዊ ማዳም»፣ እሺ እመቤት፣ ሲሉ ይከርሙና ዐርብ ከሰዓት፣ ወንዱ ሁሉ ጫቱ ላይ ሲቀመጥ፣ እነሱ የእረፍት ልብሳቸውን ለብሰው እኔ ጋ ይመጣሉ። ወረባሌ ሰፈር ውስጥ አንድ የሠርግ አዳራሽ አለ፣ ሠርግ በሌለበት ዐርብ እሱን እንከራያለን። ሳይመሽ ወደ አሠሪዎቻቸው መመለስ ስላለባቸው ሥራችን ሁሌ በጠራራ ፀሐይ ነው።

ከሁሉ የሚወዱልኝ «ኑሬ» የሚለውን ነበር። ኑሬ ማለት ታላቅ ወንድሜ ኑረዲን ነው፤ ከድሬዳዋ በድንበር ከተማዋ በደወሌ አድርጎ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር። ግጥሙ ቅብብል ነው። እኔ «ኑሬ!» ብዬ እጣራለሁ፣ አዳራሹ «አቤት!» ይላል። «የት ደረስክ?» እላለሁ፣ «መንገድ ላይ ነኝ!» ይሉኛል። ከዚያ እኔ እቀጥላለሁ፦

ይቀልጣል አስፋልቱ፣ ይነድዳል ጎማው፣
የእማዬ ዱዓ ነው ፊት ፊት የሚመራው።
ለሰው ስንዴ ጫን፣ ለሰው ጫን ብረት፣
ለእኔ ድምፅህን ጫን፣ እሱ ነው ንብረት።

ባለቤቱ ራሱ ግን አንድም ቀን አዳራሽ ገብቶ አልሰማውም። ዐርብ ሲሆን ወይ ጭነት ላይ ነው፣ ወይ ወረፋ ላይ ነው፣ ወይ ደግሞ ያፍራል። «ሰው ሁሉ ስሜን እየጠራ ምን ልሁን ብዬ ነው የምቀመጠው?» ይለኛል። ያን ሳምንት ግን ራሱ ደወለ። «ለዐርብ ፊት ለፊት ወንበር ያዥልኝ፣ መጥቻለሁ» አለኝ። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ደንበኛ ሁሉ እስኪሰለቸኝ ወንድሜ ሊመጣ ነው እያልኩ አወራሁ።

ኀሙስ ሲመሽ ከደወሌ በፊት ያለችው አይሻ ሳይደርስ መኪናው ተገልብጦ ሞተ።

ዐርብ ጠዋት ይህን የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። በቀትር አይነገርም፣ ብቻውን መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። ሰውየው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ነው ሰው ተሰብስቦ የሚያረዳው። እናቴ ሌሊቱን ሐጃ ጋ ደውላ፣ «ቀብሩ ዛሬውኑ ነው፣ ብትሰማም አትደርስም። ነገ ከሱብሂ ስግደት በኋላ ሰው ይዘሽ ንገሪያት። ዛሬ ከማንም እንዳትሰማ፣ አደራ» ብላታለች። ሐጃ አደራ በላ አይደለችም፤ የሰማውን ሁሉ፣ በሮብሌ በኩል ልጆቹን ጭምር፣ አፍ አስያዘች።

ታዲያ በዚህ ዘመን፣ ፌስቡክ ባለበት ሀገር፣ ሞት እንዴት ነው የሚደበቀው? ሐጃ መላ አላጣችም። ስነቃ ስልኬ ከትራሴ ሥር የለም። ግቢ ወጥቼ ባይ ሐጃ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላለች፣ ስልኬም ሳፋው ውስጥ ከቀሚሴ ጋር ተዘፍዝፏል።

«ኪሱ ውስጥ ነበር፣ አላየሁትም» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ቀሚሱ እኮ ኪስ የለውም፣ ሐጃ።»

«እንግዲህ ሆነ። ዕቃ ነው፣ ይተካል።»

ደሜ ፈላ። ኑሬ መንገድ ላይ ነው፣ እንዴት ነው የሚደውልልኝ ብዬ ግቢውን አተራመስኩት። ሌላ ቀን ቢሆን ሐጃ አፌን ታስይዘኝ ነበር፤ ያን ቀን ዝም ብላ አሳለፈችኝ። ዓይኗ ደም መስሏል። «አቧራው ነው» አለች። ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚያ ማብላት ጀመረች። ፉል አቀረበች። ስጨርስ እንቁላል ጠበሰች። በቃኝ ስል በእጇ አጎረሰችኝ። ካደግኩ ወዲህ አጉርሳኝ አታውቅም ነበር። ጎረቤታችን ደግሞ ሳህን ሸፍና ይዛ መጣችና፣ «ይህቺን ቅመሺልኝ፣ ከቤት ባዶ ሆድሽን እንዳትወጪ» ብላ ቆማ ጠበቀችኝ። እኔ ሞኟ በሥራዬ ቀን ሊያበረቱኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ በላሁ። አሁን ሳስበው ያ ሁሉ እህል ለለቅሶ የሚሆን አቅም ነበር።

ሮብሌ ታክሲ ይዞ መጣ። እሱ ሁሌ «ጨርቅ ሻጯ፣ ነይ ውጪ» ብሎ ነው የሚጣራው። ያን ቀን ወርዶ በሩን ከፈተልኝ፣ «ዋላሌ» አለኝ፤ በሶማልኛ እህቴ እንደ ማለት ነው።

«ምን ሆነሃል ዛሬ? ሊያገቡህ ነው እንዴ?» አልኩት።

አልሳቀም። በአረንጓዴው ታክሲ ወደ ወረባሌ ስንወጣ መስኮት መስኮቱን ያያል። ድንገት፣ «ዛሬ ‹ኑሬ›ን ብንዘለውስ?» አለኝ።

«ለምን ሲባል?»

«ድምፅሽ የደከመ መሰለኝ።»

«ሰውየው ከድሬ ድረስ እሱን ሊሰማ እየመጣ? አቦ አትቀልድ። ስልክህን ስጠኝ ልደውልለት።»

«ካርድ የለውም» አለኝ። ከአፉ ሳይጨርስ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጠራ። አላነሳውም። እኔም ሮብሌ ከፍቅረኛው ጋር ተጣልቶ ነው ብዬ ተውኩት። በኋላ እንደነገረኝ ሥራውን ሊሰርዝ ፈልጎ ነበር። ግን ቢቀር ለምን ቀረ ብዬ እጠይቃለሁ፣ ከጠየቅሁ ደግሞ እሱ መዋሸት አይችልበትም።

አዳራሹ በር ላይ ልጆቹ ተቀበሉኝ። አቅፈው አይለቁኝም። አንዷ ትከሻዬን ሳመችኝ። ጋቦዴ የምትሠራ አንዲት ልጅ፣ ዓይን አፋር ናት፣ ሰላም እንኳን ብላኝ አታውቅም፣ ሳምቡሳ አፌ ውስጥ ከተተችና ሸሸች። ዝና እንዲህ ነው የሚጀምረው ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ብዬ አሰብኩ።

በሩ አጠገብ ጌታቸውን አየሁት። የኑሬ የመንገድ ጓደኛው ነው፤ ሁሌ አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ ሆነው ነው የሚነዱት። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ኑሬስ?»

«ደወሌ ኬላ ላይ ወረፋ ይዞታል» አለኝ።

«ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

ፊቱን ግን አላየኝም። ድካም ነው አልኩ። ያ ሰው ማታ ኑሬን ከተገለበጠው መኪና ውስጥ ጎትቶ አውጥቶ፣ ወደ ድሬ በሚመለስ መኪና አስጭኖ፣ ሌሊቱን ብቻውን ነድቶ የመጣ ነው። ሸሚዙን ቀይሯል።

መድረክ ላይ ወጣሁ። መብራቱ ፊት ለፊት ነው። ሙቀት እንዳይገባ መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል፤ ከፊተኞቹ መደዳዎች ወዲያ ጨለማ ነው። ለኑሬ የያዝኩት ወንበር ባዶ ነበር። የጀመርኩት በሚያስቀው ነው፤ ስለ አንዲት ማዳም ውሻ የጻፍኩት አለ፣ ውሻው ሐኪም ያየዋል፣ ሠራተኛዋን ግን ሲያማት «ውኃ ጠጪ» ይሏታል። ሁሌ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ያን ቀን የፊተኛው መደዳ አለቀሰ። ሁለተኛውን ቀጠልኩ፣ ለቅሶው ባሰ። እኔ ሰማይ ነካሁ። ዛሬ ነው ገጣሚ የሆንኩት፣ ዛሬ ቃሌ አጥንት ገባ ብዬ እምላለሁ በውስጤ።

ሮብሌ ሙዚቃውን ጀመረ። ከመሣሪያው ቀና አላለም። ድምፅ ማጉያውን ከፍ አድርጌ ተጣራሁ፦

«ኑሬ!»

ዝም።

ያ አዳራሽ ጭጭ ብሎ አያውቅም። አንድ ሰው እንኳን አልመለሰልኝም። የሰው ልጅ ለሞተ ሰው እንዴት አቤት ይበል? እኔ ግን ይህን በምን ልወቅ?

«ምነው ዛሬ፣ ምሳ አልበላችሁም?» አልኳቸው እየሳቅኩ። «ኑሬ!»

ዝም። ከፊት ያለችው ልጅ ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ሮብሌ ሙዚቃውን አቆመው። ልቤ አንድ ነገር አለኝ፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። ያኔ ሰው ሁሉ በዚያው ዝም ቢል ኖሮ እዚያው መድረክ ላይ ይገባኝ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ስጠራው ድምፄ ወርዶ ነበር። ለሕዝብ ሳይሆን ለራሱ ነበር የጠራሁት።

«ኑሬ።»

«አቤት» አለኝ ከኋላ።

የወንድ ድምፅ ነው። አልጮኸም። ሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሲጠሩት የሚመልስ ሰው እንደሚለው ነው ያለው። የወንድሜን አቤት ደግሞ ከሺህ አቤት እለየዋለሁ። መጨረሻው ላይ ትንሽ ሳብ ያደርገዋል፣ «ምን ፈለግሽ ደግሞ» የሚል ዓይነት ነው።

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ ሳቅኩ። መጣ አልኩ። ከኬላ አመለጠ፣ ደረሰ፣ እንደ ልማዱ አፍሮ ከኋላ ቆመ አልኩ። «የት ደረስክ?» ስል አዳራሹ በሙሉ፣ እያለቀሰ፣ «መንገድ ላይ ነኝ» አለልኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለዚያ ጨለማ ነው ያነበብኩት። እንደዚያ ቀን አንብቤ አላውቅም፤ ወደፊትም የማነብ አይመስለኝም።

እንደጨረስኩ ዘልዬ ወርጄ ወደ ኋላ ሮጥኩ። ማንም የለም። በሩ ላይ ጌታቸው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«የት ሄደ?»

«ማን?»

«ኑሬ ነዋ። አሁን አቤት ያለው።»

በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየ። ከኋላዬ ሮብሌ ደርሶ ነበር። «መኪናውን ሊያነሳ ወጣ» አለ። «መንገድ ዘግቶ ነበር። ጠዋት ቤት ይመጣል።»

«ሳያየኝ?»

«ጠዋት» አለ ሮብሌ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ተናደድኩም፣ ሳቅኩም። የእኔ ወንድም ነው፣ ሌላ ምን ይጠበቃል። ቤት ገብቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «ሐጃ፣ ኑሬ መጥቶ ነበር» አልኳት።

ሐጃ ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች። «አየሽው?»

«አላየሁትም፣ ሰማሁት።»

«ምን አለሽ?»

«አቤት አለኝ።»

ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበችና መስገጃዋን ዘረጋች። የመግሪብ ሰዓት ገና አልደረሰም ነበር። ያን ማታ አጠገቤ ተኛች፣ እጇን ጀርባዬ ላይ አድርጋ። እኔ ጠዋት ኑሬን የምወቅስበትን ነገር እያሰናዳሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከሐጃ ቀድሜ ሮጥኩ። «ባዶ እጅህን ከሆነ አልከፍትም» እያልኩ ከፈትኩት።

ደጁ በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ሻሽ አጥብቀው አስረዋል። የሱቅ ጎረቤቶቻችን፣ ከኋላ ሮብሌ፣ ከእሱ ኋላ ጌታቸው። ማንም ሰላም አላለኝም። እኔ በሰዎቹ ትከሻ ላይ አሻግሬ ኑሬን እፈልጋለሁ። እንደዚያ ያለ ሰው በዚያ ሰዓት ደጅ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ድሬ ያደገ ልጅ አይጠፋውም። እኔ ግን ጠፋኝ፣ ምክንያቱም ትናንት ሰምቼዋለሁ።

«ኑሬ አልመጣም?» አልኩ።

ሐጃ ከኋላ ወገቤን ያዘችኝ። «ልጄ፣ አላህ የሰጠውን ወሰደ» አለች። «ኀሙስ ማታ ነው። ትናንት ቀብረውታል።»

«ኀሙስ?» አልኩ። «ትናንት እኮ አቤት ብሎኛል። ጠይቋቸው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቷል።»

አንድ ሰው ጮክ ብሎ አለቀሰ፤ ጌታቸው ነበር። ከዚያ ሁሉም አለቀሰ። እኔ በመጨረሻ ነው ያለቀስኩት።

በዚያው ጠዋት መኪና ተይዞ ወደ ድሬ ተነሣን፤ ሐጃ፣ ጌታቸውና እኔ። ደወሌን አልፈን ምድረ በዳው ሲጀምር ጌታቸውን ጠየቅሁት።

«አንተ ነህ አቤት ያልከው?»

«አይደለሁም።»

«ብትሆንም አልቀየምህም።»

«በእናቴ አይደለሁም። አንቺ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠሪው ነው ጆሮዬን ይዤ የወጣሁት። በሩ ላይ ያገኘሽኝ ተመልሼ ስገባ ነው።»

በኋላ ሮብሌንም ጠየቅሁት፣ እሱ ፊት ለፊት መሣሪያው ላይ ነበር፣ ራሴ አይቼዋለሁ። ልጆቹን ጠየቅሁ። ገሚሱ የወንድ ድምፅ ሰምተናል ይላሉ፣ ገሚሱ ምንም አልሰማንም፣ አንቺ ዝም ብለሽ ሳቅሽና ቀጠልሽ ይላሉ። ሮብሌ የቀዳው አለ፤ እሱ የሚይዘው ከእኔ ድምፅ ማጉያ የሚገባውን ብቻ ነው፣ የአዳራሹን አይዝም። ስሙን ሦስት ጊዜ ስጠራ ይሰማል። ከዚያ ዝምታ አለ፣ ከዚያ እኔ እስቃለሁ። ያን ሳቅ መስማት ስለማልችል አስጠፋሁት።

ሐጃ፣ «አትመርምሪ» ትለኛለች። «የአዳራሹ በረኛም ይሁን፣ የአንዷ ልጅ ወንድምም ይሁን፣ መልአክም ይሁን፣ ያለው ላንቺ አዝኖ ነው።» ልክ ሳትሆን አትቀርም። እኔ ግን በረኛውንም ጠይቄዋለሁ። እኔ አይደለሁም ብሎኛል።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን አልተውኩም። አሁን ድሬም፣ አዲስ አበባም እየተጠራሁ እሄዳለሁ፣ ስሜ ከሐጃ ሱቅ ወጥቷል። የተለወጠው ሌላ ነው። ሰው ሲያለቅስልኝ አላምንም። መድረክ ላይ ቆሜ የፊተኛው መደዳ ዓይኑን ሲጠርግ ካየሁ፣ እኔ የማላውቀው ምን ያውቃሉ እላለሁ። ከመድረክ ወርጄ መጀመሪያ የማደርገው እናቴ ጋ መደወል ነው። «ኑሬ»ን እንዳነብ የሚለምኑኝ ብዙ ናቸው። አላነበውም። ብጠራውና ዝም ቢል አልችለውም፤ ቢመልስልኝ ደግሞ እሱን ጭራሽ አልችለውም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መርዶ የደበቃችሁ ሁሉ፣ ክፉ አደረጋችሁ ልላችሁ አልችልም። ብዙ ጊዜ ተናድጃለሁ። የእኔን ሐዘን ከእኔ በፊት ሁሉም አለቀሰው፣ እኔ በመካከላቸው ሳምቡሳ እየበላሁ ስስቅ ነበር ብዬ ሐጃን አንድ ሰሞን አላናግር ብያት አውቃለሁ። ግን ደግሞ ያን ቀን ነግረውኝ ቢሆን አልጠራውም ነበር። ካልጠራሁት የሚመልስልኝ የለም። ይህን ሳስብ ቁጣዬ እጄ ላይ ይሟሟል።

ድሬ የደረስን ቀን ለቅሶ ቤቱ በሰው ተጨናንቋል። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፣ ከቀብሩ ጀምሮ ቃል አልወጣትም አሉኝ። ሐጃ አስቀድማ በስልክ ነግራት ኖሯል። ሳቅፋት ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «አቤት አለሽ አሉ» አለችኝ።

«አዎ፣ እማ።»

«ድምፁ እንዴት ነበር? አሞት ነበር?»

ምን ልበላት? መኪናው ውስጥ እንዴት እንደተገኘ ጌታቸው ነግሮኛል። የሰማሁትን ብቻ ነገርኳት። «ኧረ አላመመውም። ቤቱ ገብቶ ጋደም እንዳለ ሰው ነው የመለሰልኝ።»

እናቴ እጄን ለቀቀችና ግድግዳውን ተደገፈች።

«እንኳን ደረሰ» አለች።